መሪው ለምን ይንቀጠቀጣል?

በከተማ ውስጥ ለወራት ያለ አንዳች ችግር ሲነዳ የቆየ አንድ የቤት መኪና፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአገልግሎት ወደ በቃው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ወጣ እንበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ጸጥ ያለ ነው፤ 80 ላይም እንዲሁ። 90ን አልፎ ወደ 100 ሲጠጋ ግን መሪው በአሽከርካሪው መዳፍ ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ንዝረቱ ይጠፋል፤ ሲጨምር ይመለሳል። የሚገርመው ደግሞ ፍጥነቱ ወደ 115 ከፍ ሲል ንዝረቱ ጥቂት ረገብ ማለቱ ነው።

በማግስቱ መኪናው ጋራዥ ይገባል። አንዱ ባለሙያ «የመሪው ዘንግ ተበልቷል» ይላል፤ ሌላው «አሞርዛተር ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «አላይመንት አሠራው» ብሎ ይመክራል። ዕቃ ይገዛል፣ ይቀየራል፣ ገንዘብ ይወጣል። መሪው ግን 100 ላይ ዛሬም እንደ ትናንቱ ይንቀጠቀጣል።

እንዲህ ያለው ገጠመኝ ለብዙ አሽከርካሪዎች እንግዳ አይደለም። ስህተቱ የሚጀምረው ንዝረትን እንደ ተራ ብልሽት ብቻ ከማየት ነው። ንዝረት ብልሽት ብቻ ሳይሆን መረጃም ነው፤ በየትኛው ፍጥነት እንደሚነሣ፣ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስና የት እንደሚሰማ ላስተዋለ ሰው ምንጩን ራሱ ይናገራል። ንግግሩን ለመረዳት የሚያስፈልገው ደግሞ አንባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረው ፊዚክስ ነው።

ሠላሳ ግራም ስንት ይከብዳል?

ቸርኬው 15 ኢንች፣ የጎማው ስፋት 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎማው የጎን ቁመት ደግሞ የስፋቱ 65 በመቶ የሆነን የተለመደ የቤት መኪና ጎማ እንውሰድ። የጎማው ዲያሜትር 63.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ዙር ሲዞር ወደ 2 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 27.8 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ጎማው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል።

አሁን በቸርኬው ጠርዝ ላይ በአንድ በኩል 30 ግራም ትርፍ ክብደት አለ እንበል። ይህ በግምት የሰባት የሻይ ማንኪያ ስኳር ክብደት ነው። በክረምት ወራት ከቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ተጣብቆ የደረቀ ጭቃ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ትርፉ ክብደት ጎማውን ወደ ውጭ የሚጎትትበት ኃይል የሚገኘው መጠነ ቁሱን በራዲየሱና በዙረት ፍጥነቱ ስኩዌር በማባዛት ነው። ስሌቱ ሲሠራ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ላይ 11 ኒውተን ገደማ፣ 100 ላይ ግን 44 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ኃይሉ አራት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ሠላሳው ግራም 100 ላይ የ4.5 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል ይጎትታል፤ ያውም አቅጣጫውን በሴኮንድ 14 ጊዜ ዙሪያውን እየለዋወጠ።

ለምን 100 ላይ ብቻ?

ኃይሉ ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ፣ ንዝረቱ 115 ላይ ለምን ይረግባል? መልሱ ሬዞናንስ በተባለው ክስተት ውስጥ ይገኛል። ዥዋዥዌ የሚጫወትን ሕፃን የገፋ ሰው ይህን ያውቀዋል። ግፊቱ ከዥዋዥዌው የራሱ ምልልስ ጋር ሲገጥም፣ ትንሽ ግፊት ትልቅ መወዛወዝ ይፈጥራል፤ ካልገጠመ ግን ብዙ ተገፍቶም ጥቂት ይንቀሳቀሳል።

ጎማው፣ ቸርኬውና የተሸከሟቸው ብረቶችም በጎማው አየርና በሞላው መካከል ሆነው የራሳቸው የተፈጥሮ ድግግሞሽ አላቸው። በአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ይህ ድግግሞሽ በሴኮንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ አካባቢ ነው። ዙሪያው 2 ሜትር የሆነ ጎማ በዚህ መጠን የሚዞረው በሰዓት ከ72 እስከ 108 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ነው። ስለዚህ በከተማ ውስጥ የተኛው ጉድለት በፍጥነት መንገድ ላይ መንቃቱ አያስደንቅም። ያ ክልል ሲታለፍ ደግሞ ንዝረቱ ይቀንሳል። መቀነሱ ግን ጉድለቱ ተወገደ ማለት አይደለም፤ ኃይሉ እንዲያውም አድጓል።

ተጠርጣሪዎችን በድግግሞሽ መለየት

በመኪና ውስጥ የሚዞሩ አካላት ሁሉ በአንድ ፍጥነት አይዞሩም። ከላይ ባየነው ምሳሌ ጎማው 100 ላይ በሴኮንድ 14 ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ቢሠራ በሴኮንድ 50 ጊዜ መዞሩ ነው። የኋላ ጎማቸው በሚነዳ መኪናዎች ደግሞ ኃይል አስተላላፊው ረጅም ዘንግ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ብዙውን ጊዜ አራት ጊዜ ያህል ስለሚዞር፣ ድግግሞሹ ወደ 56 ይጠጋል። እንዲህ ያለው ፈጣን ንዝረት እጅን ከማንቀጥቀጥ ይልቅ እንደ ጉምጉምታ ይሰማል።

በዛሬዎቹ ስማርት ስልኮች ውስጥ ያለው የፍጥነት ለውጥ መለኪያ ይህን ድግግሞሽ ለመቁጠር ያገለግላል። ስልኩን ከመኪናው አካል ጋር አጥብቆ አስሮ ንዝረቱን መመዝገብና ግራፉን ማንበብ ይቻላል፤ ሥራው ግን የአሽከርካሪው ሳይሆን አብሮት የሚጓዝ ሰው መሆን አለበት። ግራፉ 14 ካሳየ ምንጩ ከጎማው ጋር የሚዞር አካል ነው። 28 ካሳየ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ የሚመታ፣ ምናልባትም ክብነቱን አጥቶ የሞለለ ጎማ ወይም ቸርኬ ሊሆን ይችላል።

አራት ጥያቄዎች

ስልክ ባይኖርም፣ ምንም ዕቃ ሳይፈታ መመለስ የሚገባቸው አራት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ ንዝረቱ የሚከተለው መኪናውን ነው ወይስ ሞተሩን? መኪናው በቆመበት፣ ማርሹ ዜሮ ሆኖ፣ ሞተሩ በጉዞ ላይ በነበረው ዙር እንዲሠራ ይደረግ። ንዝረቱ ካልታየ ሞተሩ ከዋና ተጠርጣሪነት ይወጣል።

ሁለተኛ፣ የሚሰማው የት ነው? በመሪው ላይ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፊት ጎማዎች ያደላል፤ በወንበርና በወለል ላይ ከሆነ ወደ ኋላ ጎማዎች ወይም ወደ ኃይል አስተላላፊው ዘንግ።

ሦስተኛ፣ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው? እንዲያ ከሆነ ጎማውን ትቶ የፍሬን ዲስኩን መመርመር ይገባል። «ዲስኩ ተጣመመ» ቢባልም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ጉድለት የውፍረቱ አለመስተካከል ነው።

አራተኛ፣ ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ ነው? ይህ ከሆነ ለፊት ጎማዎች ኃይል የሚያደርሱት ዘንጎችና መጋጠሚያዎቻቸው ይፈተሻሉ።

መልሶቹ ወደ ፊት ጎማዎች ካመለከቱ ቀላል ሙከራ አለ። የፊት ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹ ወደ ፊት ይዛወሩ። ንዝረቱ ከመሪው ተነሥቶ ወደ ወንበር ከሄደ ጥፋተኛው ጎማው ወይም ቸርኬው ነው። በመሪው ላይ ከቀረ ግን ቸርኬው የሚታሰርበት ሞዞ፣ ኩሽኔታው ወይም የመሪው መጋጠሚያዎች ይመርመሩ። አንድን ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ መተው፣ በቤተ ሙከራ የምንማረው ሥርዓት ይኸው ነው።

ባላንስና አላይመንት

እነዚህ ሁለት ቃላት ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይነገራሉ። አላይመንት ጎማዎቹ የሚመለከቱበትን አቅጣጫና ማዕዘን ማስተካከል ነው። ሲዛባ መኪናውን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ጎማውንም አለአግባብ ይበላል፤ በራሱ ግን በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚነሣ ንዝረት አይፈጥርም። ባላንስ ግን የክብደትን ሥርጭት የሚመለከት ነው። ማሽኑ ጎማውን እያዞረ በውስጠኛውና በውጭኛው ጠርዝ ላይ የጎደለውን ክብደት ለየብቻ ይለካል፤ ባለሙያውም በዚያው ቦታ ከእርሳስ፣ ከዚንክ ወይም ከብረት የተሠራ ትንሽ ማካካሻ ያኖራል። በሁለቱም ጠርዞች መለካቱ አስፈላጊ ነው፤ ጎማውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዘ መሪውን የሚያንቀጠቅጠው በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለው አለመመጣጠን ነውና።

ጎማው ባላንስ ተሠርቶም ንዝረቱ ከቀጠለ፣ ክብደቱ እንጂ ቅርጹ አልተስተካከለም ማለት ሊሆን ይችላል። የተጎዳ ቸርኬ ወይም አንዱ ጎኑ ከሌላው የጠነከረ ጎማ በማሽን ላይ ሚዛኑን ጠብቆ፣ በመንገድ ላይ ሸክም ሲያርፍበት ሊነዝር ይችላል።

ያረጁ የመሪ መጋጠሚያዎችስ? አብዛኛውን ጊዜ ንዝረትን አይወልዱም፤ ከጎማው የመጣውን ትንሽ ንዝረት ግን አጉልተው ያስተላልፋሉ። አዲስ ዕቃ ተገዝቶ ንዝረቱ «ቀነሰ እንጂ አልጠፋም» የሚባለው ስለዚህ ነው።

ራሱን የሚመግብ ንዝረት

ከዚህ የተለየና ይበልጥ የሚያስፈራ ሌላ ዓይነት አለ። የፊት ጎማዎቻቸው በአንድ ድፍን አክስል በተያያዙ መኪናዎች፣ አንዱ ጎማ ጉብታ ሲመታ አክስሉ ያዘነብላል። የሚሽከረከር ጎማ ደግሞ እንደ ጋይሮስኮፕ ስለሆነ፣ ሲያዘነብል ወደ ጎን ይታጠፋል፤ መታጠፉም መልሶ አክስሉን ያናውጣል። መጋጠሚያዎቹ ከላሉ ወይም የንዝረት ማብረጃው ከደከመ፣ ንዝረቱ ከመኪናው ጉዞ ኃይል እየወሰደ ያድጋል። ቤከር፣ ፍሮምና ማሩን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1931 በመኪና መሪ ላይ ስለሚነሣ ንዝረት በጀርመንኛ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል። የጄኔራል ሞተርስ መኪናዎችም እ.ኤ.አ. በ1934 እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው እንዲንቀሳቀስ ተደርገው ሲወጡ፣ ከለውጡ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ችግር ነበር።

መቆም ሲገባ

ቀስ በቀስ የመጣ ቀላል ንዝረት ለምርመራ ጊዜ ይሰጣል። በድንገት የጀመረ ወይም በየኪሎ ሜትሩ የሚብስ ግን አይሰጥም። በተለይ ጎማ በተቀየረ ማግስት የሚነሣ ንዝረት የላሉ የጎማ ብሎኖች ምልክት ሊሆን ይችላል። ጎማው ላይ እብጠት ከታየ ደግሞ ውስጡ ያለው የሽቦ ንጣፍ እየተላቀቀ ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል። በእነዚህ ጊዜያት ፍሬኑን በድንገት ሳይረግጡ፣ መሪውን በሁለት እጅ አጥብቆ ይዞ፣ ፍጥነትን ቀስ በቀስ በመቀነስ ከመንገዱ ዳር መቆም ነው የሚበጀው። «አዳማ ስደርስ አሳየዋለሁ» ማለት ሕይወትን ለዕድል መተው ነው።

የመሪው መንቀጥቀጥ ለሚያዳምጠው ሰው ትርጉም ያለው ምልክት ነው። ከመፍቻው በፊት ጥያቄ፣ ከመለዋወጫው በፊት ልኬት ይቅደም። ምናልባት መልሱ የአንድ ባልዲ ውኃ ያህል ርካሽ ይሆናል፤ ከቸርኬው ጀርባ የደረቀውን ጭቃ አጥቦ ለማውረድ የሚበቃ።