ያገለገለ ሲዲ ማጫወቻ ድምፁ አልጥም ሲል ከየት እንጀምር?

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾም ሆነ በአንጋጫ ደቡብ አፍሪካ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ከዚያ ከሚመጣው ዕቃ መካከል አንዳንዴ ያገለገለ፣ ግን በጊዜው ውድ የነበረ ሲዲ ማጫወቻ አይጠፋም። አጎቴም ሲመለስ እንዲህ ያለ ከባድ ማጫወቻ ይዞ መጣ። ቤት ሲከፈት ግን ድምፁ ቀጭን ሆነ፤ ባስ የለውም፣ ዘማሪውም ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘምር ይመስላል። የወሰደበት ጥገና ቤት «ሌንሱ ሞቷል፣ ይቀየር» ብሎ ቀላል ያልሆነ ገንዘብ ጠየቀው። ዕቃውን እኔ ስፈትሸው ሌንሱ ደህና ነበር። በዚህ ጽሑፍ የፈተሽኩበትን ቅደም ተከተል ከነምክንያቱ አቀርባለሁ።

ሌንስ ምን ያበላሻል?

ሶኒና ፊሊፕስ በጋራ የሠሩት ሲዲ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ የእያንዳንዱ ቻናል ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱም ልኬት 16 ቢት ነው። ሌዘሩ ጥቂት ቢሳሳት አብሮ የተጻፈው ተጨማሪ መረጃ ስህተቱን ያርመዋል። ስህተቱ ሲበዛ ደግሞ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ይዘላል፣ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ወይም ማጫወቻው ጭራሽ ዲስክ የለም ይላል። ባስን ብቻ መርጦ የሚቀንስ የሌንስ ብልሽት ግን የለም። ስለዚህ መዝሙሩ ሳይቋረጥ እየሄደ ድምፁ ብቻ ካላማረ ችግሩን ሌላ ቦታ እንፈልግ።

1. ዲስኩን መጠራጠር

የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይወስዳል። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒስሪ ከዚህ አንድ አሥራ አንደኛ ያህል ብቻ ነው። መልሶ ወደ ሲዲ ቢቀዳም የተጣለው አይመለስም። ጥሩ ማጫወቻ ደግሞ ጉድለቱን አይደብቅም። የድሮ ቀረጻም እንደዚሁ ነው፤ አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 በሸክላ ያሳተማቸው ዘፈኖች ሲዲ ላይ ቢገቡም የዘመናቸውን የቀረጻ ወሰን ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ለፍተሻ በደንብ የምናውቀውን፣ ጀርባው ብርማ የሆነ የፋብሪካ ዲስክ እንጠቀም። ጀርባው ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚያደላው በኮምፒውተር የተቀዳ ነው፤ የሚመልሰው ብርሃን አነስተኛ ስለሆነ ያረጀ ማጫወቻ ሊቸገርበት ይችላል።

2. የተሰካበት ቦታ

ሲዲ ማጫወቻ በአብዛኛው እስከ 2 ቮልት ያወጣል። የአምፕሊፋየሩ «ፎኖ» መግቢያ ግን የሸክላ ማጫወቻን ጥቂት ሚሊቮልት ለማጉላት የተሠራ ነው፤ ባሱንም ሆን ብሎ ያነሣል። ሲዲ እዚያ ከተሰካ ድምፁ ይደፈርሳል፣ ይሰነጠቃል። የማይክ መግቢያም አይሆንም። ትክክለኛው «ሲዲ» ወይም «ኦክስ» የሚለው ነው።

አንዱ ጎን ከደከመ የግራና የቀኝ ገመዶችን ከማጫወቻው በኩል እናቀያይር። ድካሙ ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ችግሩ ማጫወቻው ውስጥ ነው። ካልዞረ ገመዱ፣ አምፕሊፋየሩ ወይም ስፒከሩ ጋ ነው።

3. የስፒከር ሽቦ

የአጎቴ ችግር የተገኘው እዚህ ነው። የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገላብጦ ታስሯል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ስፒከር አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ባሱ እርስ በርስ ይጠፋፋል፣ መሀል ላይ መሰማት ያለበት ዘማሪም ቦታ ያጣል። መፍትሔው አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ የአንዱን ስፒከር ሽቦ ብቻ መገልበጥና እንደገና ማዳመጥ ነው። ባሱ የወፈረበት ትክክለኛው ነው። ወጪው ምንም።

4. ኃይል

የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የደቡብ አፍሪካው 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዚያ የመጣ ዕቃ ይስማማል። ከአሜሪካ የመጣው ግን 120፣ ከጃፓን የመጣው 100 ቮልት ነው፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መሰካት ዕቃውን ማቃጠል ነው። የደቡብ አፍሪካው ባለ ሦስት ወፍራም እግር መሰኪያ በአዳራሾቻችንና በቤታችን ሶኬት ስለማይገባ ብዙ ሰው ቆርጦ ይጥለዋል፤ ገመዱ ሦስት ሽቦ ካለው የመሬቱ ሽቦ ታጥፎ እንዳይቀር። ማታ መብራት ሲደክም ብቻ ድምፁ የሚበላሽ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቮልቴጁን እንለካ።

5. ሽፋኑ የሚከፈተው መቼ ነው?

ከላይ ያሉት ሁሉ ደህና ሆነው ችግሩ ካልለቀቀ ነው። ጠጋኞች ኮንደንሰር የሚሉት ካፓሲተር በዕድሜ ይደርቃል፤ በኃይል ክፍሉ ያለው ሲደክም እምም የሚል የ100 ኸርዝ ጉምጉምታ ይመጣል፣ በድምፅ መውጫው ያለው ሲደክም ባስ ይሳሳል። መውጫው ላይ ሪሌይ ካለ እግሩ ዝጎ አንዱን ጎን ሊያደክም ይችላል። ስንከፍት መሰኪያው ከሶኬት ይነቀል፤ ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ይቆያል። የሌዘሩ ብርሃን 780 ናኖሜትር ስለሆነ ለዓይን ብዙም አይታይም፤ ግን ይጎዳል፣ እየሠራ ሌንሱን ቀጥ ብሎ ማየት አይገባም።

ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ «ተማሪው መጣ፣ ይየው» መባላችን አይቀርም። ያኔ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ይቆራረጣል ወይስ ድምፁ ብቻ ነው ያላማረው?» የሚለውን ይሁን። ከተቆራረጠ ሌንሱ ይጠረግ፣ ይፈተሽ። ድምፁ ብቻ ካላማረ ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ዲስኩ፣ ገመዱ፣ የስፒከሩ ሽቦና ኃይሉ በተራ ይታዩ። ለቆየ ማጫወቻ የሚስማማ ሌንስ በቀላሉ አይገኝም፤ ደህናውን አውጥቶ የማይሆነውን መክተት ጤነኛ ዕቃ መግደል ነው።