ስለ ቆጥ መብራት

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ሲነገር፣ ሴትዮዋ በምን ብርሃን ወደ ላይ ታንጋጥጥ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ሰው የለም። ነገር ግን በኮርኒስና በጣራ መካከል ያለው ስፍራ በቀትር እንኳ ጨለማ መሆኑን ቤት ያስተዳደረ ሁሉ ያውቀዋል። የእህሉ ጆንያ፣ የበርበሬው ስልቻ፣ እግሩ የተሰበረው አልጋ፣ የቤተ ሰቡ ሰነድ የተቀመጠበት ሻንጣ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ከእነዚህ አንዱን ሊያወርድ የፈለገ ሰው በአንድ እጁ መሰላሉን፣ በሌላው ፋኖሱን ይዞ ይወጣል፤ ዕቃውን የሚያነሣበት ሦስተኛ እጅ ግን አልተፈጠረለትም። ስለዚህም ፋኖሱን በደረቁ ጣውላ ላይ፣ ከጆንያውና ከወረቀቱ አጠገብ ያኖረዋል። ኮርኒሱ አቡጀዲ በሆነበት ቤት አንዲት ፍንጣሪ ምን ልታደርስ እንደምትችል መግለጽ አያስፈልግም።

እንግዲህ ወደ ቆጥ የኤሌክትሪክ መብራት ማውጣት ለቅንጦት ሳይሆን ለደኅንነት የሚደረግ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው በግዴለሽነት ከተሠራ የሚታየውን እሳት አስወግዶ የማይታየውን እሳት ያስገባል።

ስለ አምፑሉ ብዙ መናገር አያሻም። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1879 ለሕዝብ ያሳየው ባለ ክር አምፑል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ስለሆነ፣ የ60 ዋት አምፑል መስተዋቱ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ጆንያ ተደግፎት ቢያድር የሚሆነው ይታወቃል። ዛሬ ያንኑ ያህል ብርሃን ከ8 እስከ 9 ዋት ብቻ ወስዶ የሚሰጠው ኤል.ኢ.ዲ. ስላለ፣ በቆጥ ላይ ባለ ክር አምፑል መስቀል ምክንያት የለውም። ሦስት የጃፓን ተወላጆች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉት ለዚህ ነጭ ብርሃን መንገድ የከፈተውን ሰማያዊ መብራት በማስገኘታቸው ነው።

ዋናው ጉዳይ ሽቦው ነው። በአሥመራ በብዙ ቤቶች እንደሚታየው ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ፣ ሽቦውን በቆርቆሮው ሥር በሚስማር እየጠፈሩ መዘርጋት አደገኛ ሥራ ነው። የቆርቆሮው ጠርዝ ስለታም ነው፤ ነፋስ ጣራውን ባነቃነቀው ቁጥር የሽቦውን ልባስ ይፍቀዋል፤ አይጥም የበኩሏን ትጨምራለች። በመጨረሻ መዳቡ ከቆርቆሮው ጋር የተነካካ እንደ ሆነ ጣራው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ከሁሉ የከፋው፣ ቆርቆሮው በደረቅ እንጨት ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ኃይሉ ወደ መሬት መውረጃ አያገኝም፤ ቫልቮላውም አይቃጠልም፤ መብራቱም እንደ ወትሮው ይበራል። ክረምት ገብቶ አንድ ሰው በረጠበ መሬት ላይ ቆሞ አሸንዳውን እስኪነካ ድረስ ነገሩን የሚያውቅ የለም።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቫልቮላ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። ለመብራት በሚዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ የሚደረገው የ10 አምፔር ቫልቮላ ነው፤ ሰውን ለመግደል ግን ከአንድ አምፔር መቶኛ ጥቂቱ ይበቃል። ስለዚህ በ30 ሚሊአምፔር፣ ማለት በመቶኛ ሦስቱ፣ ኃይሉን በቅጽበት የሚቆርጠው የሰው መጠበቂያ ማቋረጫ ከቆጣሪው አጠገብ ሊኖር ይገባል። ዋጋው ከአምፑሉ ዋጋ ይበልጣል፤ ቢሆንም ገንዘብ የሚያጥረው ባለቤት መብራቱን ያዘግይ እንጂ ይህን አይተው።

ሽቦው ከቆርቆሮው ርቆ በእንጨቱ ጎን ላይ በቱቦ ውስጥ ይሂድ። መጋጠሚያውም በናስትሮ ተጠቅልሎ አይተው፤ በቆጥ ሙቀት ሙጫው ይደርቅና ይላቀቃል። በብሎን ጠብቆ፣ ስካቶላ በሚባለው ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ይዘጋ፤ የላላ መጋጠሚያ እየጋለ ሄዶ በዙሪያው ያለውን እንጨት ያከስላልና። በምጽዋ ደግሞ ጨው ያዘለው የባሕር አየር የመዳቡን ጫፍ ስለሚበላው፣ ሣጥኑ እርጥበት የማያስገባ መሆን አለበት፤ ብሎኖቹም በየጊዜው መታየት ያስፈልጋቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በተሠራ ቤት የሚኖር ሰው አስቀድሞ አሮጌውን ሽቦ ያስመርምር። በዚያ ዘመን በብዙ አገር የተለመደው ሽቦ በጎማና በጥጥ የተለበሰ ነበረ፤ ጎማው በዕድሜ ብዛት እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። በእንዲህ ያለው ሽቦ ላይ አዲስ መብራት መቀጠል ያረጀውን ግድግዳ ሳይጠግኑ ቀለም መቀባት ነው።

ማብሪያና ማጥፊያው ከመሰላሉ ሥር ይሁን፤ ሰው በጨለማ ወጥቶ ማብሪያ እንዳይፈልግ። የሚቆርጠውም ኃይሉን የሚያመጣውን ሽቦ መሆን አለበት። መላሹን ብቻ የቆረጠ እንደ ሆነ አምፑሉ ይጠፋል፣ መያዣው ግን ኃይል እንደ ያዘ ይቀራል፤ አምፑል የሚለውጠውም ሰው ጠፍቷል ብሎ እጁን ይሰዳል። ከታች ሆኖ የላይኛው መብራት ስለማይታይም፣ ቆጡ ሲበራ አብራ የምትበራ ትንሽ ቀይ መብራት በማብሪያው ላይ ብትደረግ መልካም ነው፤ አለዚያ መብራቱ ለአይጦች ሲያበራ ይከርማል።

የመብራቱን ቦታና የዕቃውን አደራደር ባለቤቱ ይወስን፤ ማገናኘቱን ግን ለሠለጠነ ሠራተኛ ይተው። ሠራተኛው ዋናውን ማቋረጫ ዘግቶ፣ ኃይል አለመኖሩን በመፈተሻ ካቻቪቴ ሳያረጋግጥ ሽቦ የሚነካ ከሆነ ሌላ ሰው መፈለግ ይሻላል። ሥራው ሲያልቅ ሽቦው በየት በየት እንዳለፈና ሣጥኖቹ የት እንዳሉ በወረቀት ላይ ያስነድፈው፤ ወረቀቱንም በቆጣሪው ሣጥን ክዳን ውስጥ ይለጥፈው፤ ከዓመታት በኋላ ቆርቆሮ ሊለውጥ ሚስማር ይዞ የሚወጣው ሰው የሚያየው እርሱን ነው።