ጠላትን በሬዲዮ መልእክት ማደን፦ ከሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ እስከ ቀይ ባሕር ጦርነት

ሰኔ 16/1932 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ጁን 23/1940) ንጋት ላይ፣ በባብ ኤል ማንደብ መተላለፊያ ከፔሪም ደሴት አቅራቢያ፣ አንዲት የጣልያን ሰርጓጅ መርከብ በብሪታኒያ የጦር መርከቦች ተያዘች። ከአሳዳጆቿ አንዷ የሱዳንን ዋና ከተማ ስም የያዘችው "ካርቱም" ነበረች።

"ቶሪቼሊ" የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ወደ ምጽዋ በመመለስ ላይ ሳለች ነበር የተደረሰባት። አዛዧ ሳልቫቶሬ ፔሎሲ ከውሃ በላይ ወጥቶ በአንድ መድፍና በመትረየስ መዋጋትን መረጠ። መርከቧ ሰጠመች። "ካርቱም"ም ከዚያ ቀን አላለፈችም። ከውጊያው ጥቂት ሰዓታት በኋላ የአንድ ቶርፔዶዋ የታመቀ አየር መያዣ ፈነዳ፤ በተነሣውም እሳት ጋይታ ከፔሪም ዳርቻ ቀረች። የጣልያን ምንጮች መንስኤው የቶሪቼሊ ጥይት ፍንጣሪ ነው ሲሉ፣ ብሪታኒያውያን አደጋ ነው ይላሉ።

ይህ ሁሉ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፦ ማለቂያ በሌለው ውሃ ላይ አንዱ መርከብ ሌላውን እንዴት ያገኘዋል? ዛሬ ይህን ጥያቄ በየቤታቸው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የሚፈቱት የሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ ወዳጆች ናቸው።

እንደ አውሮፓውያኑ በ2005 ለገበያ በቀረበው "ሳይለንት ሀንተር 3" በተሰኘው ጨዋታ፣ ተጫዋቹ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ይሆናል። ሰፊው ባሕር ለቀናት ባዶ ሆኖ ይቆይና በድንገት የሬዲዮ መልእክት ይደርሰዋል፦ በዚህ ስፍራ የመርከቦች ቅፍለት ታይቷል፤ አቅጣጫው ይህ ነው፤ ፍጥነቱ ዝግተኛ ወይም መካከለኛ ነው። ከዚያ ያለፈ ዝርዝር አይኖርም።

ጀማሪ ተጫዋች መርከቡን ምልክቱ ወዳለበት ቦታ ይነዳል። ሲደርስም የሚጠብቀው ውሃ ብቻ ነው። መልእክቱ የሚናገረው መርከቧ የነበረችበትን እንጂ የምትገኝበትን አይደለምና።

ስሌቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አይዘልም። አንድ ቅፍለት በሰዓት 8 የባሕር ማይል እየተጓዘ ወደ ሰሜን ያቀናል እንበል። ሰርጓጅ መርከቡ ከዚያ ስፍራ በስተምሥራቅ 60 የባሕር ማይል ርቆ ይገኛል፤ በውሃ ላይ በሰዓት 15 ማይል ይሄዳል። በቀጥታ ወደ ምልክቱ ቢያመራ በ4 ሰዓት ይደርሳል፤ ቅፍለቱ ግን በዚያ ጊዜ 32 ማይል ርቋል። ይልቁንም መንገዱን ወደ ሰሜን ምዕራብ አዘንብሎ ቢስል፣ ከ4 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ ከምልክቱ በስተሰሜን 38 ማይል ያህል ላይ ሁለቱ መስመሮች ይገናኛሉ።

አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። በመልእክቱ የተነገረው አቅጣጫ በ10 ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት፣ ቅፍለቱ በተጠበቀበት ሰዓት ከታሰበው ቦታ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በጨለማ ይህ ርቀት ጭራሽ እንዳልተገናኙ ይቆጠራል። መልእክቱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የደረሰ ከሆነም ቅፍለቱ ገና ከመነሻው 16 ማይል ቀድሟል።

ስለዚህ ልምድ ያለው ተጫዋች የሚያሰላው ነጥብ ላይ በሰዓቱ ለመድረስ አይሞክርም። ከቅፍለቱ ቀድሞ መንገዱ ላይ ይቆማል፤ ሞተር አጥፍቶም ያዳምጣል። በዘመኑ የነበረ ሰርጓጅ መርከብ ከውሃ በታች እጅግ ዝግተኛ ስለነበር፣ አንዴ ካለፈው ቅፍለት ጋር ሰጥሞ እሽቅድምድም መግጠም አይችልም።

ጨዋታው የማያሳየው አንድ ነገር ግን አለ። ተጫዋቹ የራሱን ቦታ ካርታው ላይ ያለ ስሕተት ያያል። የቀይ ባሕር መርከበኞች ይህ ዕድል አልነበራቸውም።

ጣልያን ሰኔ 3/1932 ዓ.ም. ወደ ጦርነቱ ስትገባ ምጽዋ ላይ ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። ከእነዚህ አንዷ በመቀሌ ስም የተሰየመችው "ማካሌ" ናት። ከአየር ማቀዝቀዣዋ ያፈተለከ ሜቲል ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ሠራተኞቿን መርዞ አእምሯቸውን አወካቸው፤ ሰኔ 8 ቀን ከሱዳን ጠረፍ ፊት ለፊት ባለችው ባር ሙሳ ከቢር ደሴት አጠገብ ካለ አለት ጋር ተላትማ ቀረች። የጠላቷን ቦታ ከመፈለጓ በፊት የራሷን አጣች።

"ጋሊሌይ"ን ያጠፋት ደግሞ ራሷ የተወችው ዱካ ነው። ሰኔ 9 ቀን ከኤደን ደቡብ የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ አሰጠመች፤ ከሁለት ቀናት በኋላ አንድ የዩጎዝላቪያ መርከብ አስቁማ ለቀቀች። እያንዳንዱ ክስተት ለብሪታኒያውያኑ አንድ ምልክት ካርታ ላይ እንደማኖር ነበር። በማግሥቱ "ሙንስቶን" የተባለች ትንሽ የታጠቀች መርከብ አገኘቻት። አዛዧ ኮራዶ ናርዲና ሌሎች መኮንኖች ተገደሉ፤ መርከቧም ተማርካ ወደ ኤደን ተወሰደች።

በውስጧ የተገኙት ሰነዶች ከማንኛውም የሬዲዮ መልእክት የበለጠ ዋጋ ነበራቸው። የጣልያን ሰርጓጅ መርከቦች የት እንደሚያደቡ ይጠቁሙ ነበርና፣ ወደ ኦማን ባሕረ ሰላጤ የዘለቀችው "ጋልቫኒ" ሰኔ 17 ቀን በብሪታኒያ መርከብ ተመትታ ሰጠመች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከስምንቱ አራቱ ጠፉ።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አልነበረም። በዚያው ክረምት መግቢያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ወደ ካርቱም መጥተው ነበር። ጄኔራል ዊሊያም ፕላት በሱዳን የሚገኘውን ጦር የሚመሩትም ከዚያች ከተማ ነበር። ካርቱም በባቡር ሐዲድ ከፖርት ሱዳን ወደብ ጋር የተሳሰረች በመሆኗ፣ የቀይ ባሕር መንገድ ቢዘጋ የሱዳኑ ጦር ስንቅና መሣሪያ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12/1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ እስኪሰቅሉ ድረስ ያሉት ወራት፣ ከምጽዋ የሚነሡ መርከቦች ቅፍለቶቹን ያገኙ ይሆን ወይስ ይስቷቸው እየተባለ ያለፉ ናቸው።

አብዛኛውን ጊዜ ሳቷቸው። "ጉግሊየልሞቲ" የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ጳጉሜን 1/1932 ዓ.ም. ያሰጠመችው "አትላስ" የተሰኘ የግሪክ ነዳጅ ጫኝ ከቅፍለቱ ተነጥሎ የቀረ ነበር። በጥቅምት 11/1933 ዓ.ም. ሌሊት ደግሞ የጣልያን ዲስትሮየር የጦር መርከቦች ከኤደን ወደ ስዊዝ ያመራ የነበረውን ቅፍለት አገኙት። ነገር ግን ማግኘት ብቻውን አልበቃም፤ አጃቢዎቹ አባረሯቸው፤ "ኑሎ" የተባለችውም መርከብ ሃርሚል ደሴት አቅራቢያ ተመታች።

ምጽዋ ለመውደቅ በተቃረበችበት በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ አዳኝና ታዳኝ ተለዋወጡ። የቀሩት ዲስትሮየሮች ፖርት ሱዳንን ለመደብደብ ወጡ። መድረሻቸው የታወቀ ስለሆነ መንገዳቸውን ለመገመት ብዙ ስሌት አላስፈለገም። መጋቢት 25 ቀን ንጋት ላይ ወደቡ ሳይደርሱ አውሮፕላኖች አዩአቸው።

ከዚያ በኋላ የተነገረው ቦታ እስኪያረጅ የጠበቀ አልነበረም። "ኢግል" ከተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ ፖርት ሱዳን ተዛውረው የነበሩት "ሶርድፊሽ" አውሮፕላኖች ተነሥተው "ማኒን"ን እና "ሳውሮ"ን አሰጠሙ። "ፓንቴራ" እና "ቲግሬ" ወደ ዓረቢያ ጠረፍ ሸሽተው በገዛ ሠራተኞቻቸው እጅ ወደሙ። ከአምስት ቀናት በኋላ ምጽዋ እጅ ሰጠች፤ የተረፉት አራት ሰርጓጅ መርከቦች ግን አስቀድመው ወጥተው፣ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞረው ፈረንሳይ ቦርዶ ወደብ ለመድረስ በጉዞ ላይ ነበሩ።