ዝናቡ እላይ፣ ጎርፉ እታች

አሊዩ አምባ ላይ ፀሐይዋ እያቃጠለች፣ በስተምዕራብ ያለው የአንኮበር ጋራ ግን ጥቁር ዳመና ለብሶ የሚታይበት የሐምሌ ከሰዓት ያስፈራል። ከተማይቱስ አምባ ላይ ናት። የሚያሰጋው ከሥሯ ወንዝ የሚሻገረው ገበያተኛ፣ ከብት የሚያጠጣው ልጅ ነው።

ትልልቅ ወንዞች የሚሞሉት በቀናት ነው። ደራሽ ጎርፍ ግን ዝናቡ በጣለ በሰዓታት፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ይደርሳል። አሊዩ አምባ ያለችበት የይፋት መሬት ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲወርድ 50 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ነው። ዛፍና እርከን የሌለው ተዳፋት ይህን ውሃ የሚያቆይበት አቅም የለውም፤ አፈሩንና ድንጋዩን ጨምሮ ወደ ወንዙ ይለቀዋል።

ድሬዳዋ የደረሰው መከራ ከዚሁ ዓይነት መሬት የመነጨ ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ሕይወት አጠፋ።

ወንዝ ውስጥ ላለ ሰው ምልክቱ ጥቂት ነው፦ ኩልል ያለው ውሃ ድንገት ይደፈርሳል፣ ጭራሮና ቅጠል ያግተለትላል፣ ከላይ በኩል ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል። ያኔ ወደ ዳር መሮጥ እንጂ ከብት ልመልስ ማለት አያዋጣም። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂን ይጥላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መኪና ያንሳፍፋል።

የሚያንገበግበኝ፣ ቆላው በማያየው ዝናብ ሲሞት ደጋው ዝናቡን እያየው መሆኑ ነው። ማስጠንቀቂያ ሕይወት ያተርፋል፦ የዛሬዋ ባንግላዲሽ በ1970 እ.ኤ.አ. በአንድ የባሕር አውሎ ነፋስ 300,000 ያህል ሰው አጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጠለያ ሠርታ፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው መንደር ለመንደር የሚያስጠነቅቁ በጎ ፈቃደኞች አሰማርታ የሟቹን ቁጥር እጅግ ቀንሳለች። ለይፋት መነሻው ከዚያ ያነሰ ነው፦ በየወንዙ፣ ከላይ ዶፉን የሚያይ አንድ ሰው፣ ከታች መሻገሪያው አጠገብ የሚኖር ሌላ ሰው፣ በሁለቱም እጅ ስልክ፤ ክረምቱ ሳይገባም ማን ለማን እንደሚደውል ስምምነት።