ሞተር ብስክሌት በጠመዝማዛ መንገድ

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተወሰደው መንገድ እየተጠረገለት፣ በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው። የዚያ ጉዞ ፈተና ክብደት ነበር። ዛሬ ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ በሞተር ብስክሌት ለሚጓዝ ሰው ግን ዋናው ፈተና ፍጥነት ነው።

በመንቀሳቀስ ላይ ያለ አካል ሁሉ፣ ሌላ ኃይል ካላስገደደው በቀር፣ የሚጓዘው በቀጥታ መሥመር ነው። ሞተር ብስክሌትን ከቀጥታ መሥመር አውጥቶ የሚያጥፈው ኃይል በጎማውና በመሬቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ይህ ኃይል የሚሠራው ከታች በጎማው በኩል ስለሆነ፣ ነጂው ቀጥ ብሎ ቢታጠፍ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ስለዚህም ከነብስክሌቱ ወደ መታጠፊያው ውስጥ ያዘነብላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ማዘንበሉም ይብሳል።

የእሽቅድምድም ነጂዎች ከ60 ዲግሪ በላይ የሚያዘነብሉት ልዩ ጎማና ንጹሕ አስፋልት ስላላቸው ነው። ዝናብ ባራሰው ወይም ጠጠር በተበተነበት የተራራ መንገድ ግን ሰበቃው እጅግ ይቀንሳል። ጎማው ያለውን ሰበቃ ለፍሬን ካዋለው ለመታጠፍ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለሆነም አስተዋይ ነጂ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ከመታጠፊያው ሳይደርስ ነው፤ ዓይኑንም ከገደሉ ላይ ሳይሆን ከሚወጣበት መንገድ ላይ ያሳርፋል። ነዳጅ የሚጨምረውም ብስክሌቱ ቀና ማለት ሲጀምር ነው።