አሮጌው ሞተር ብስክሌት ወደ ግቢ ሲገባ

አንድ ቅዳሜ አቃቂ ቃሊቲ ከሚገኘው ቤትዎ ደጃፍ ልብስ ሲያሰጡ፣ ልጅዎ ዝገት የበላው ሞተር ብስክሌት እየገፋ ወደ ግቢ አስገባ እንበል። መብራት የለውም፤ ጎማው ጥርሳም ነው፤ በቤንዚን ጋኑ ላይ «ሁስክቫርና» የሚል ጽሑፍ በጭንቅ ይነበባል። «እማዬ፣ ጠግኜ አዲስ አደርገዋለሁ» ይልዎታል። ምን ይመልሱለታል? መቆጣት ቀላል ነው። ነገር ግን ሙያ ለመልመድ የተነሣሣን ወጣት ሞራሉን መስበር ተገቢ ስላልሆነ፣ በቁጣ ፈንታ ሦስት ጥያቄዎች ማቅረብ ይበጃል።

የመጀመሪያው «የማን ነበር?» የሚለው ነው። በሊብሬው ላይ የሠፈረው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም በብየዳ ተሸፍኖ ከተገኘ፣ ዕቃው የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና ገንዘብ አይከፈልበት። ሻጩና የሊብሬው ባለቤት የተለያዩ ሰዎች ከሆኑም በመካከል የነበሩት የሽያጭ ውሎች ይጠየቁ። ለውድድር ብቻ የመጣ ሆኖ ሊብሬ ከሌለው ደግሞ የቀረጥ ወረቀቱ ይታይ።

የሠሪውንም ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ሁስክቫርና በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በ1689 የጠመንጃ ፋብሪካ ሆኖ ተቋቋመ። በ1872 የልብስ ስፌት መኪና፣ በ1903 ደግሞ ሞተር ብስክሌት መሥራት ጀመረ። እንግዲህ እናት የምትሰፋበት መኪናና ልጅ የሚጋልበው ሞተር ከአንድ ቤት ወጥተዋል ማለት ነው። ስዊድናዊው ቶርስተን ሃልማን በ1962፣ በ1963፣ በ1966 እና በ1967 በ250 ሲሲ ውድድር የዓለምን ድል የተቀዳጀው በዚሁ ፋብሪካ ሞተር ነበር። ፋብሪካው በ1978 የቤት ዕቃ በመሥራት በሚታወቀው ኤሌክትሮሉክስ ተጠቀለለ። የሞተር ብስክሌቱ ክፍል በ1987 ለጣሊያኑ ካጂቫ፣ በ2007 ለጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ ተሸጠ፤ በ2013 ወደ ኦስትሪያ ዞረ። ስሙ አንድ ቢሆንም እጁ ብዙ ስለሆነ፣ መለዋወጫ ሲፈለግ የተሠራበትን ዓመትና የሞተሩን ቁጥር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ስንት ይፈጃል?» ነው። ልጅዎ አንድ ደብተር ይግዛና የገዛውን ዕቃና የከፈለውን ሁሉ ይመዝግብ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ለዓመታት የቆመን ሞተር በእግር እየረገጡ ለማስነሣት መታገል ኪሣራ ያመጣል፤ በዝገት የተጣበቀ ፒስተን ሲሊንደሩን ይፍቃል። አስቀድሞ ካንዴላውን ፈትቶ፣ በቀዳዳው ዘይት ጠብ አድርጎ ማሳደርና በዝግታ ማዞር ይሻላል። በካርቡራተሩ ውስጥ እንደ ሙጫ የደረቀው ቤንዚን ይታጠብ፤ የጋኑ ዝገት ይጠረግ። ሲሊንደሩ ከተበላ ለቶርኖ ባለሙያ ይሰጥ። ይህ ባለ ሁለት ምት ሞተር ስለሆነ ፒስተኑ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚቀላቀል ዘይት ነው፤ ዘይቱ ከተረሳ የተደከመበት ሁሉ ወዲያው ይበላሻል። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ፍሬኑ ሳይጠገን ቀለም አይቀባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እንላለን። ቤንዚን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ሕፃናት ውሃ መስሏቸው ይጠጡታል። ከከሰል ምድጃም ይራቅ።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው «የት ይነዳዋል?» የሚለው ነው። ይህ ሞተር የተሠራው ለጭቃና ለኮረብታ ውድድር ስለሆነ መብራት፣ ፍሬቻና ስፖኪዮ የለውም። በደብረ ዘይት መንገድ በከባድ የጭነት መኪናዎች መካከል ቦታ የለውም። የአዲስ አበባ አስተዳደርም ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሞተር ብስክሌት መንዳትን መከልከሉ አይዘነጋም። ስለዚህ ጥገናው ሳያልቅ የትኛው ሜዳ እንደሚፈቀድና ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ልጅዎ ራሱ ሄዶ ይጠይቅ። የራስ መከላከያ ቆብም ከቀለሙ በፊት ይገዛ።

የዚህ ዓይነቱ የውድድር ሞተር ብዙውን ጊዜ ቁልፍ የለውም። ታዲያ እናት ምን ትይዛለች? ካንዴላውን! ልጅዎ ሦስቱን ጥያቄዎች እስኪመልስ ድረስ ካንዴላው በእርስዎ ሣጥን፣ ከመርፌና ከክሩ አጠገብ ይቀመጥ። መልሱን ይዞ የመጣ ዕለት በደስታ ያስረክቡት።