የጣና ብራናና የጨዋታው መጽሐፍ

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስን በመሰሉት የጣና ደሴቶች ገዳማት የተጠበቁ የብራና መጻሕፍት ሲነሱ ወሬው ሁሉ ስለ ሥዕላቸው ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራ ሰው ግን ኅዳጉን ቢያይ ይበልጥ ይጠቀማል። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ የጉልት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ አንዳንዴም የሰዎች ውል በሌላ እጅ ተጽፎ ይገኛል። ወንጌሉ አይነካም፤ ባዶው ቦታ ግን መዝገብ ነው። ውሉ እዚያ የሚሰፍረው ብራናውን ለመፋቅ የሚደፍር እንዳይኖር ነው።

ብዙ ተጫዋች በኢንተርኔት በሚገናኝበት የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ላይ መጽሐፍ ለማስገባት የተነሳ ፕሮግራመርም መጀመሪያ የሚመልሰው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ማን ያነባል? ማን ይጽፋል? መቼስ ይዘጋል? በ1997 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አልቲማ ኦንላይን ተጫዋቾች ራሳቸው የሚጽፉባቸው መጻሕፍት ነበሩት። በማይንክራፍት ደግሞ ተጫዋቹ መጽሐፍ፣ ላባና ቀለም አዋህዶ መጻፊያውን ይሠራል። እስኪፈርምበት ድረስ እንዳሻው ይጽፋል፣ ይሰርዛል። ርዕስ ሰጥቶ ከፈረመ በኋላ ግን እሱ ራሱ አንዲት ፊደል መለወጥ አይችልም። የተፈረመው ይገለበጣል፤ ግልባጩም እንደገና ይገለበጣል፤ የግልባጭ ግልባጭ ላይ ሲደርስ ግን ያበቃል። ከግልባጭ ላይ ሲገለበጥ ስሕተት እንደሚራባ የሚያውቅ ቁም ጸሐፊ ይህን ሕግ ሳይወደው አይቀርም።

ፈተናው ማከማቻው ላይ ነው። ማይንክራፍት ሙሉውን ጽሑፍ በዕቃው ውስጥ ስለሚያስቀምጥ አንድ መጽሐፍ መቶ ጊዜ ቢገለበጥ ጽሑፉም መቶ ጊዜ ይቀመጣል። ሌላው መንገድ ጽሑፉን በዳታቤዝ አንድ ጊዜ አስፍሮ ዕቃው ቁጥሩን ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ለተንኮል በር ከፍቷል፦ አንዳንዶች ሣጥኖችን ከባድ ፊደል በታጨቀባቸው መጻሕፍት ሞልተው ሌላው ተጫዋች ከሰርቨሩ እንዲባረር አድርገዋል።

ከባድ ፊደል ማለት ምን ማለት ነው? የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ «ሀ» ግን 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ተንኮሉን ለመከላከል የገጽን መጠን በባይት የሚገድብ ሰርቨር፣ ሳያስበው አማርኛ ጸሐፊውን ይቀጣል። እርግጥ አንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ ቅጣቱ በከፊል ይካካሳል።

የጨዋታ መጽሐፍ ቀልድ ብቻ አይደለም። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ድርጅት መጋቢት 12 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በማይንክራፍት ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ከፍቶ፣ በግብፅ፣ በሜክሲኮ፣ በሩሲያ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በቬትናም የታፈኑ ጽሑፎችን በተፈረሙ መጻሕፍት መልክ አስቀምጧል። ድረ ገጽ በሚዘጋበት አገር ጨዋታው ክፍት ነበርና።

ጣናም ግልባጩን አግኝቷል። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት የክብራንን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቶ መግለጫቸውን በ1973 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። ክብራን ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነውና ፊልሙ ከምሁራን አልፎ ለእነሱም በር ነው።

እንግዲህ ሰርቨር ለመክፈት የምታስቡ ወጣቶች፣ የገጹን ልክ በባይት ሳይሆን በፊደል ቁጥሩት፤ የግዕዝ ፎንትም ከመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ጫኑ።